ሁሉም ገብቷል

ታክ የገለባ ጫማውን ሲያወልቅ ለብቻው ሳቀ። ባሕሩ እንደዚያ ጠዋት ርቆ ሲሸሽ ካየ ዘመን ሆኖታል። ከመንደሩ ዳርቻ ጀምሮ ዓይን እስከሚደክምበት ድረስ ጥቁር ጭቃ ብቻ ተዘርግቷል። ከማዶ የድንጋይ ወጥመዱ ግንብ አናቱን ብቅ አድርጎ ይታያል። በወጥመዱ ሆድ ውስጥ ደግሞ ሌሊት ከባሕሩ ሙላት ጋር የገባ ቢጫ ዓሣ ውሃው ጥሎት ሸሽቶ፣ መውጫ አጥቶ ይገላበጣል።

"አባባ ናም፣ የኔን ጫማ ይቀበሉኝ!"

ሽማግሌው ከነሐሱ ሥር ተቀምጧል። ነሐሱ በመዶሻ የሚመታ፣ ሰፌድ የሚያህል ደወል ነው፤ ከጥድ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ፣ አባባ ናም ከሱ ሥር አርጅቷል። ዓይኑ ከፈዘዘ ቆይቷልና ጫማውን በበትሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገው።

"የታክ። እሺ፣ ይዤልሃለሁ። ጨረቃ ከሞላች ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ርቆ የሄደ ውሃ ሮጦ ነው የሚመለሰው። እንዳትዘገይ።"

"ይህን ባሕር እኔ አጣሁት፣ አባባ?"

"አንተማ ታውቀዋለህ። እሱ ያውቅህ እንደሆነ ነው የምፈራው።"

ቅርጫት ያነገቱት ሴቶች ሳቁ። ታክም አብሮ ሳቀ፤ የጠገበ ሰው በራሱ ላይ ሲቀለድ አይከፋውም። ሦስት ጀልባ አለው። በአውራጃው ገዥ ሹመት፣ ለንጉሡ ማዕድ ወደ መናገሻው ሐንያንግ የሚላከውን ዓሣ የሚያስደርቅና የሚያስጭን እሱ ነው። የሹመቱን የእንጨት ምልክት ጭቃ ሲወርድ እንኳ ከወገቡ አይፈታውም። ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ ቅርጫቱን አንግቶ ብቻውን ወረደ። ሌላ ቀን ቢሆን ሠራተኞቹን ይልክ ነበር። በጸደይ፣ ባሕሩ ከሁሉ ቀን ርቆ በሚሸሽበት በታላቁ ሽሽት ዕለት ግን የመጀመሪያውን ዓሣ ከወጥመዱ የሚያወጣው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ብቻውን ሄዶ፣ ዓሣውን ይዞ ቤቱ እስኪገባ ድረስ አፉን ሳይከፍት። ከተናገረ የዓመቱ ዓሣ ይሸሻል ይባላል።

ከሴቶቹ መካከል አንዷ አልሳቀችም። ዎልሲም ትባላለች፤ የቺልቦክ ሚስት የነበረች፣ አሁን የማንም ያልሆነች። ታክ ጭቃውን እየሰነጠቀ ሲርቅ ጀርባውን እያየች እግሯን ዳርቻው ላይ ወደቀረው ኩሬ ነከረች። ውሃው አጥንት ይቆረጥማል። ማጅራቷ ላይ ደግሞ ከደቡብ የሚመጣው ነፋስ እንደ ሰው ትንፋሽ ሞቆ ይነካታል።

"ዛሬ ነው" አለች በልቧ።

ሦስት ጸደይ ጠብቃለች። ጉም የሚወለደው ክረምቱን ገና ያልረሳ ውሃ ከሞቃት ነፋስ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ይህን በዚያ ዳርቻ የማያውቅ የለም። በመጀመሪያው ጸደይ ጉሙ መጣ፤ ግን ጨረቃ ግማሽ ነበረች፤ ውሃው ሰንፎ፣ እየተጎተተ ሞላ፤ አሮጊት እንኳ ከሱ ቀድማ ትወጣ ነበር። በሁለተኛው ታላቁ ሙላት መጣ፤ ባሕሩ ግን ቀድሞ ሞቆ ነበርና ሰማዩ እንደ ታጠበ ጠርቶ ዋለ፤ ታክ ዓሣውን ይዞ እየተንጎራደደ ገባ። ዎልሲም ሁለቱንም ጊዜ ቤቷ ገብታ የዛጎል ሥጋ እየፈለፈለች አለቀሰች። ዘንድሮ ጨረቃውም፣ ቀዝቃዛው ውሃም፣ ሞቃቱ ነፋስም፣ ታክም በአንድ ቀን ተገናኙ።

ያ ወጥመድ የታክ አልነበረም። የቺልቦክ አባት ነው ድንጋዩን አንድ በአንድ ተሸክሞ፣ ዓሣው ጭቃውን ከሚሰነጥቀው ቀዝቃዛ ቦይ ሞቅ ወዳለው ጥልቀት የሌለው ውሃ በሚዞርበት መታጠፊያ ላይ የገነባው። ታክ ሊገዛው ጠየቀ፤ ቺልቦክ "የአባቴን ወገብ አልሸጥም" አለው። በዚያው ጸደይ ሁለቱም ጭቃ ላይ ሳሉ ጉም ወረደ።

ጭቃ የሚወርድ ሁሉ ጫማውን ከነሐሱ ሥር ትቶ በባዶ እግሩ ይሄዳል። ጉም ሲመጣ አባባ ናም ነሐሱን ይመታል፤ ሰውም በድምፁ እየተመራ ይወጣል። ከነሐሱ ሥር አንድ ጥንድ ጫማ እስካለ ድረስ መምታት አይቆምም። ጫማው ሁሉ ከተነሣ ሽማግሌው "ሁሉም ገብቷል?" ብሎ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ የደረሰው "ሁሉም ገብቷል" ይላል፤ ነሐሱ ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ከጉሙ የሚጣራ ድምፅ የሰው አይደለም። በፊት የሰመጠ ነው፤ በቦታው የሚተካው ሰው እየፈለገ የወዳጅ ስም ይጠራል። መልስ የሰጠ ይሄዳል።

ያን ቀን በመጨረሻ የደረሰው ታክ ነበር። "ሁሉም ገብቷል" አለ፤ ነሐሱ ቆመ። ዎልሲም ዳርቻው ላይ ነበረች። የባሏ ጫማ ከቦታው እንደሌለ በዓይኗ አይታለች፤ ቀድሞ ገብቶ መጠጥ ቤት ሄዷል ብላ ተናዳለች። ወዲያው ከጉሙ ውስጥ "ዎልሲም!" የሚል ድምፅ መጣ። የቺልቦክ ድምፅ ነበር። እሷ ግን እናቷ እንዳስተማረቻት የቀሚሷን ጫፍ አጣጥፋ ጆሮዋን ደፈነች። ድምፁ ስሟን ደጋግሞ ጠራ፤ ከዚያ ተወ።

ሬሳውን ውሃው በሰነፈበት ሰሞን ማዶ ዳር ላይ አገኙት፤ ባዶ እግሩን ነበር። "ገብቶ ጫማውን አንስቶ፣ ሰክሮ ተመልሶ ወርዷል" ተባለ። ወንድ ልጅ አልነበራትምና ወጥመዱን ታክ ወሰደው። በዚያው ዓመት መከር ላይ የታክ የጀልባ ቤት ክዳን ሲታደስ ዎልሲም በቀን ሥራ ገለባ ተሸካሚ ነበረች። አሮጌው ክዳን ሲነቀል አንድ ጥንድ ጫማ እግሯ ሥር ዱብ አለ። ተረከዙ ላይ ከሠርጓ ቀሚስ የቀደደችው ቀይ ጨርቅ ተጠልፎበታል። በእጇ ነው የሠራችው። ታክ ያላቃጠለው ፈርቶ ነው፤ የሟች ጫማ ከተቃጠለ ሟቹ መንገድ አግኝቶ ይመጣል ይባላልና።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ጫማውን ብብቷ ውስጥ ከታ፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ገለባዋን መሸከሟን ቀጠለች። ለማን ትክሰስ? የአውራጃው ገዥ የሚበላው ዓሣ ከታክ ወጥመድ የሚወጣ ነው።

የዛሬው ጉም የመጣው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው። መጀመሪያ ወጥመዱን ሸፈነው፤ ቀጥሎ ወፎቹን። አባባ ናም ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ እንደ ውሻ አሸተተና ተነሣ። ነሐሱ ጮኸ። ዛጎል ሊለቅሙ የወረዱት ሴቶች ከጭቃው ላይ እየተጠራሩ፣ እየተሳደቡ፣ እየተሳሳቁ መውጣት ጀመሩ።

"አንቺ፣ ቅርጫቴን ረገጥሽው!"

"ቅርጫት ይዘሽ ነው እንዴ? እኔ ባልሽን ያዘልሽ መስሎኝ!"

ዎልሲም ከሁሉም ቀድማ ወጥታለች። ሌሎቹ ጭቃቸውን እየጠረጉ ሳለ ጎንበስ ብላ የታክን ጫማ አነሣች፤ አዲስ፣ በቃጫ ገመድ የተጠናከረ የሀብታም ጫማ ነው። ከዛጎሉ ሥር ከተተችው። ቅርጫቷ ውስጥ ሌላም ጥንድ ጫማ ነበር፤ በጨርቅ የተጠቀለለ። በየጸደዩ ታላቁ ሽሽት ዕለት ይዛው ትወጣለች።

የመጨረሻዋ ሴት ጫማዋን አጥልቃ ሄደች። የአባባ ናም በትር ባዶውን መሬት ዳሰሰ፤ ተመልሶ ዳሰሰ።

"ማን ነሽ እዚያ?"

"ዎልሲም ነኝ፣ አባባ።"

"የታክ ጫማ እዚህ ነበር።"

"አንስቶ አለፈ። የመጀመሪያ ዓሣ ይዞ ማን ይናገራል?"

ሽማግሌው መዶሻውን አነሣ። ነሐሱን አንድ ጊዜ መታ፣ አሁንም መታ፤ እጁ የከበደው ይመስላል። በመጨረሻም ጠየቀ።

"ሁሉም ገብቷል?"

ዎልሲም ይህን ቃል ሦስት ዓመት በልቧ ስትለማመደው ኖራለች።

"ሁሉም ገብቷል።"

ነሐሱ ቆመ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ዳርቻው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። አሁን እዚያ ማዶ ምን እየሆነ እንዳለ ባታየውም ታውቀዋለች። ሙላት ከፊት አይመጣም። በየቦዩ ተስቦ ከኋላህ ይዞራል፤ በአንተና በቤትህ መካከል ይገባል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚትህን ሲነካህ በፀሐይ የሞቀውን ጭቃ አቋርጦ ለብ ብሎ ነው፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛው የቦዩ ውሃ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ እሱ ጉልበት ላይ ሲደርስ ጭቃው እግርን ይዞ አይለቅም። ታክ አሁን ቆሞ እያዳመጠ ነው። ይቁም። ቺልቦክም እንዲሁ ቆሞ ነበር።

"ናም!" አለ ድምፁ ከጉሙ ውስጥ። "አባባ ናም! ነሐሱን!"

ወደ መንደሩ የጀመሩት ሴቶች ባሉበት ደርቀው ቀሩ። አንዷ "ጆሯችሁን ድፈኑ!" ብላ ጮኸች። ቅርጫት ወደቀ፤ ቀሚስ ወደ ጆሮ ተሰበሰበ።

"ማን ነው ጫማዬን ያነሣው? እኔ እዚህ ነኝ! ጫማዬን ማን ነው ያነሣው?"

አባባ ናም ጆሮውን አልደፈነም። ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ቆመ።

በዚህ መሐል ከመንደሩ በኩል አንዲት ወጣት ሴት የሩዝ ጠላ የያዘ ጎድጓዳ ሳሕን እንደያዘች እየሮጠች መጣች። ጆምሱን ናት፣ የታክ ሚስት፤ ባሏ ከመጀመሪያው ዓሣ ጋር ሲገባ ደጃፍ ላይ ልትቀበለው ስትጠብቅ የቆየች።

"ባለቤቴ ቤት አልደረሱም! ጫማቸው የት አለ?"

"ጫማው ተነሥቷል" አለች ዎልሲም ሳትዞር። "ሁሉም ገብቷል ተብሏል። ሂጂ፣ እዚህ አትቁሚ።"

"ጆምሱን!" አለ ጉሙ።

ሴቶቹ ሁለት እጇን ያዟት። "አትመልሺ! እሱ አይደለም! የሰመጠ ነው የሚጠራሽ፣ ይወስድሻል!"

ዎልሲም አሁን ዞረች። የልጅቱን ፊት አየች። ያን ፊት ታውቀዋለች፤ የራሷ ነበር። አሁን ቀሚሷን ታነሣለች፣ አሁን ጆሮዋን ትደፍናለች ብላ ጠበቀች። ጠበቀች ብቻ አይደለም፤ እንድታደርገው ተመኘች። ይህቺም ትቅመሰው፣ ይህቺም ዕድሜዋን ሙሉ ስሟ ሲጠራ እየሰማች ትተኛ!

ጆምሱን ሳሕኑን ጣለች። እጇን ከሴቶቹ መንጭቃ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገባች።

"አቤት!" ብላ ጮኸች። "አቤት! ወዲህ ነው! በድምፄ ይምጡ!"

"ጅል!" አሉ ሴቶቹ። "ይወስድሻል!"

"ይውሰደኛ! ሰው ቢሆን ባሌ ነው፤ ሙት ቢሆንም ባሌ ነው። ሲጠሩኝ ዝም ልበል እንዴ? አቤት!"

ዎልሲም ከተቀመጠችበት ተነሣች። ይህቺ ትናንት የመጣች ልጅ፣ ለዚያ ውሻ! ለዚያ ውሻ እንኳ መልስ የሚሰጠው ሰው ተገኘ። ቺልቦክ ግን በውሃ ውስጥ ቆሞ ስሟን ሲጠራ እሷ ምን አደረገች? ታክ ጫማውን ሰረቀ፤ ድምፁን የሰረቀችው ግን እሷ ናት። ቁጣዋ አልበረደም፤ እንዲያውም ነደደ። ታክ እንዲህ ቢሰምጥ ምን አገኘች? ነገ ነጭ ለብሰው ያለቅሱለታል፤ ባሕር ወሰደው ይባላል፤ ስሙ ከቺልቦክ ስም ጋር እኩል ይጠራል። ባሕር ሰውን ሲወስድ ኃጢአቱንም አብሮ ያጥብለታል። አይሆንም። በእግሩ ይመጣል፤ በአፉ ይናገራል።

የልጅቱ ድምፅ ግን ትንሽ ነበር፤ ጉሙ ይውጠዋል። የታክ ጩኸት ወደ ግራ፣ ወደ ቦዩ እየሄደ ነው።

"ዎልሲም" አለ አባባ ናም በዝግታ። "ጭቃ ላይ የጠፋ ሰው መንገድ ነው የሚጠይቀው። ይኸኛው ስለ ጫማ ለምን ጠየቀ?"

"እርስዎ ይንገሩኝ፣ አባባ።"

"ጫማ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚጮኸው።" ሽማግሌው በትሩን ከፍ አደረገ። "ያን ቀንም በዚህ በትር ባዶ መሬት ዳስሻለሁ። እጄ አቁም አላለኝም ነበር። አፍ አምኜ አቆምኩ።"

ዎልሲም ጨርቁን ፈታች። የቺልቦክን ጫማ ከነሐሱ ሥር አኖረችው፤ ሽማግሌው የሚሰማው ያህል ድምፅ እንዲያወጣ አድርጋ።

"አንድ ጥንድ ቀርቷል" አለች።

አባባ ናም በትሩን ትቶ ተንበረከከ። በጣቶቹ ዳሰሰው፤ ተረከዙ ላይ ያለውን ጨርቅ አገኘ፤ ጣቱ እዚያው ቆየ። የማን እንደሆነ አልጠየቀም። ሙሽራዋ በዚያ ቀሚስ ወደ መንደሩ ስትገባ ዓይኑ ገና ያይ ነበር። ተነሥቶ መዶሻውን በሁለት እጁ ያዘና ነሐሱን እስከዚያ ቀን መትቶት በማያውቅ ኃይል መታው። ሴቶቹ እጃቸውን ከጆሯቸው አወረዱ።

ታክ ሲወጣ ውሃው ደረቱ ደርሶ ከኋላው እየገፋው ነበር። ጆምሱን በክንዱ ጎተተችው። ዓሣው የለም፣ ቅርጫቱ የለም፣ ከወገቡ የማይለየው የሹመት እንጨትም የለም። እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ ዳርቻው ላይ ተዘረጋ።

ነሐሱ ግን አላቆመም።

"በቃ!" አለ ታክ። "ደርሻለሁ፣ በቃ! ያቁሙት!"

"ጫማ አለ" አለ አባባ ናም፤ መታ።

ታክ ቀና አለ። ቀዩን ጨርቅ አየው። ፊቱ ላይ የቀረችው ትንሽ ደም ተሟጠጠች።

"ያ… ያ የኔ አይደለም።"

"ታዲያ የማን ነው?"

ሽማግሌው መታ።

"ያንተ ይኸውልህ" አለች ዎልሲም። ዕድሜዋን ሙሉ ጌታው፣ እርስዎ ስትለው ኖራ፣ አንተ ስትለው ሴቶቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ዋጡ። የሀብታሙን ጫማ ከዛጎሉ ሥር አውጥታ አሳየችውና ወደሚሞላው ውሃ ወረወረችው። "ያንተን ባሕር ወሰደው። እንግዲህ አንተም ካልገቡት ወገን ነህ። እዚህ ያለውን አንሣ። ከጀልባ ቤትህ ክዳን ነው የመጣው፤ ታውቀዋለህ።"

"አንቺ ጠንቋይ…"

"ታክ" አለ ሽማግሌው፤ በየቃሉ መሐል እየመታ። "ዛሬ በመጨረሻ የደረስከው አንተ ነህ። ደንቡን ታውቃለህ። ሁሉም ገብቷል?"

"አባባ፣ እኔ…"

"ሁሉም ገብቷል ወይ?"

ጆምሱን የባሏን እጅጌ ነቀነቀች። "ይንገሯቸው እንጂ! ምን ዝም አሉ? ገብቷል ይበሏቸው!"

ታክ አፉን ከፈተ። ቃሉ ሁለት ብቻ ነበረ፤ አንድ ጊዜ ብሎታል፤ ያኔ ቀሎት ነበር። አሁን ከጫማው ላይ ዓይኑን ማንሣት አቃተው። ጆምሱን ፊቱን አየች፤ ጫማውን አየች፤ እንደገና ፊቱን አየች። ከዚያ እጇን ከእጅጌው ላይ አነሣች። በዚያ ሁሉ ጉም ውስጥ መልስ የሰጠችው ብቸኛ ሰው እሷ ነበረች፤ አሁን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች።

"አልገባም" አለ ታክ። ድምፁ ከነሐሱ በታች ነበር።

"አይሰማም!" አለች ዎልሲም።

"አልገባም! አንድ ሰው አልገባም!"

"ማን?"

"ቺልቦክ።" ግንባሩን ጭቃው ላይ ደፋ። "ጫማውን እኔ ነኝ ያነሣሁት። ሲጣራ ሰምቼዋለሁ። ቺልቦክ አልገባም።"

ማንም አልሰደበውም፣ ማንም አልመታውም። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን አንስተው በአጠገቡ እንደ ድንጋይ እያለፉት ሄዱ። ጆምሱንም ሄደች። ስሟን ጠራት፤ አልዞረችም።

ዎልሲም ጎንበስ ብላ ጫማውን አነሣች፤ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች፤ ደረቷ ላይ አቀፈችው። የሽማግሌው በትር ባዶውን መሬት ዳሰሰ። ነሐሱ ዝም አለ።

ሙላቱ ዳርቻውን ሞልቶ ድንጋዮቹን ይልሳል። ከጉሙ የሚጣራ አልነበረም፤ ነሐሱ ከቆመ በኋላ ደግሞ ወደዚያ አፍ አይከፈትም። እሷ ግን እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ገባች። ውሃው እንደዚያ ዓመት ቀዝቃዛ ነበር።

"አቤት!" ብላ ጮኸች። "አቤት፣ ቺልቦክ! አቤት!"